ሃያ ስድስት ዓመት የተተኮሰ ጨርቅ

እትዬ ካውያ የተኮሰችውን አንሶላ አልጋ ላይ ብታነጥፉት ጠርዙ ጣት ይቆርጣል ይባል ነበር። ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ያመነው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሆስፒታላችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ካውያ ያልነካው ጨርቅ አይወጣም። አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ፣ የሐኪሞቹ ጋዋን፣ የመስኮት መጋረጃው፣ ሌላው ቀርቶ የወለል መወልወያው እንኳ ለሁለት ታጥፎ፣ ተተኩሶ ነው የሚሄደው። "የታመመ ሰው የተጨማደደ ነገር ላይ አይተኛም፤ የራሱ መጨማደድ ይበቃዋል" ትላለች። ይህችን አባባሏን በየክፍሉ አዳርሻታለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ሬዲዮ የሚሉኝ በከንቱ አይደለም።

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት የሰው ኃይል ክፍሎቹ ብቻ ይመስሉኛል። ካውያ ያልናት እኛ ነን፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ ፊት ለፊት። በዕድሜ ሁላችንንም ስለምትበልጥ እትዬ እንላታለን፤ "እርስዎ" ያልናት ቀን ግን "ገና አላረጀሁም፣ አንቺ በሉኝ" ብላ ስለተቆጣች አንቺ ነው የምንላት። ወደዚህ ክፍል የገባችው ባሏ ሞቶ፣ ሁለት ሴት ልጆች እጇ ላይ ሲቀሩ ነው። ያኔ የነበረችው አለቃ "ካውያ መያዝ ትችያለሽ?" ስትላት ዓይኗን በጨው አጥባ "እንዴታ" አለች። በዕድሜዋ ካውያ ጨብጣ አታውቅም። ያን ቀን ሁለት ጋዋን አቃጠለች፤ በሦስተኛው ቀን ግን ከሁሉም በልጣ ተገኘች። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመቷ፤ አሁን ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ልጆቿን አስተምራ ድራለች፤ ትንሿ ሳይሆንላት ቀርቶ ሁለት ልጆች ይዛ እናቷ ቤት ተመልሳለች። ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ እነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ ለእሷ ቤት እንደ ምሰሶ ናቸው።

ነገሩ የተበላሸው የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሲሰፋ ነው። ሁለት የነበረው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አራት ሆነ፤ ጨርቁ ግን ያው የድሮው ነው። አረንጓዴው የምንለው በሽተኛው የሚሸፈንበትና ሐኪሞቹ የሚለብሱት ጨርቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ቆሽሾ ይመጣልናል፤ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን፣ ከዚያ በግድግዳው ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ለጋሼ እንፋሎት እናቀብላለን። እሱ ትልቅ ማሽን ውስጥ ከትቶ በእንፋሎት ጀርሙን ይገድልና ለቀዶ ሕክምና ይልከዋል። ጠረጴዛው አራት ሲሆን ጨርቁ መድረስ አቃተው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ያደሩ ሰዎች፣ "ጨርቅ አልደረሰም፤ ሌላ ቀን ኑ" ተብለው ተመለሱ። አንዷ ኮሪደር ላይ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ አጥታ ስታለቅስ አይቻታለሁ። አንጀቴን በላችው።

ዳይሬክተሩ ጠራን። ወጣት ሐኪም ነው፤ አይጮህም፤ ቁጣውን በትሕትና ጠቅልሎ ነው የሚሰጣችሁ።

"እናቶቼ" አለ፤ "አንድ ወር አለን። በዚህ ወር ውስጥ በጨርቅ ምክንያት አንድ ቀዶ ሕክምና እንኳ ቢሰረዝ፣ አጠባው ለውጭ ድርጅት ይሰጣል። ቦርዱ ወስኗል።"

"እኛስ ታዲያ?" አልኩ።

"ቦታ ከተገኘ ወደ ሌላ ክፍል። ካልተገኘ..." ብሎ ብዕሩን ማገላበጥ ጀመረ።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ። የዘጠኛችንም አንድ ዓይን ያ ክፍል ነው። እትዬ ካውያን ዞር ብዬ ሳያት የጋዋኗን ጫፍ በጣቷ እያስተካከለች ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ዳይሬክተሩ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈና ክፍሉን ያሻሽላል የምንለውን ሁሉ እንድንናገር ጠየቀን። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ ማጠቢያ ማሽን። ሁለተኛ ማድረቂያ። ተጨማሪ ካውያ። የጋሪው ጎማ ይቀየር። ቦት ጫማ። ጓንት። ወንበር። የጣሪያው ማፍሰስ። አንዷ ደግሞ መስታወት አለች። "መስታወት ለምን?" ብላት "ስንወጣ ሰው መምሰላችንን እንድናይ" አለችኝ። እሱንም ጻፍኩት። ሠላሳ አራት ደረሰ።

"ሁሉም ተገቢ ነው" አለ ዳይሬክተሩ፤ "በዚህ ወር ማድረግ የምችለው ግን አንዱን ነው፤ ቢበዛ ሁለቱን። ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የትኛው እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልናገር ይሻላል። አጣቢዎቹ ማሽን አሉ፣ አድራቂዎቹ ማድረቂያ አሉ፣ ጋሪ የምትገፋው ጎማ ካልተቀየረ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሁሉም ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ጎተተ። እኔም ወንበር ብዬ ጮኬያለሁ፤ ምን ይደረግ፣ እግሬን ያመኛል። እትዬ ካውያ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅላ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ አጠፈችውና ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሰበሰበችን።

"ሌሊቱን ሳነበው አደርኩ" አለች። "ሁሉም ያስፈልጋል። የተጠየቅነው ግን ምን ያስፈልጋችኋል አይደለም። አረንጓዴው የሚዘገየው የት ላይ ነው? እሱን ሳናውቅ ብንመርጥ በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።"

ሦስት ቀን ሙሉ ጉድ አየን። አረንጓዴው ገና ከጋሪ ሲወርድ እስሩ ላይ ቀይ ክር ታስርበታለች፤ በደረሰበት ሁሉ እየተከተለች የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በጠመኔ ግድግዳው ላይ ትጽፋለች። "ጨርቁ ካርድ ወጣለት፣ አሁን ሐኪም ማየት ነው የቀረው" ብዬ ሳስቅባት ዞራም አላየችኝ። በሦስተኛው ቀን ከግድግዳው ፊት ቆማ ደመረች። አጠባው አንድ ሰዓት። ማድረቁ አንድ ሰዓት ከሩብ። መተኮሱና ማጠፉ አራት ሰዓት ተኩል። ምክንያቱም አረንጓዴው ከአንሶላውና ከመጋረጃው ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፤ "ተራ ይከበራል" ደግሞ የእሷው ሕግ ነው።

"ማሽን አይደለም የጎደለን" አለች፤ ዓይኗ በርቷል። "ካውያ ነው። ሁለት ካውያ ቢጨመር ሁሉም ነገር መስመር ይይዛል። ጋሼ እንፋሎት 'እውነት ነው፣ የተተኮሰው ቶሎ ቢደርሰኝ ሥራው ይፈጥናል' ብሎ ይፈርምልኝና ለዳይሬክተሩ እወስደዋለሁ። ነይ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

እዚህ ላይ እውነቱን ላውጣው። ከሰባት ዓመት በፊት የጋሼ እንፋሎት ማምከኛ ክፍል በር ቀለም ተቀብቶ እስኪደርቅ ክፍት ተትቶ ነበር፤ ሳልፍ ዓይኔን ጣል አደረግኩ። ጋሼ እንፋሎት ያን ጠዋት አሳምረን አጥፈን የሰጠነውን አረንጓዴ አንድ በአንድ እየፈታ ያራግፈው ነበር። ለእትዬ ልነግራት እየሮጥኩ ተመለስኩ። እሷ ደግሞ ለአዲስ ተቀጣሪ አረንጓዴውን ዘርግታ "ጫፍና ጫፉ ሲሳሳሙ ነው ታጠፈ የሚባለው" እያለች ታስተምራለች። ፊቷን አየሁና ቃሉን ዋጥኩት። ሬዲዮ ተብዬ ያችን አንዲት ዜና ሳላነብ ሰባት ዓመት ከረምኩ።

እንዳለችው ሄደን በሩን አንኳኳን። ጋሼ እንፋሎት ከፍቶ እኛን ሲያይ ክው አለ። ከመስኮቷ ወዲያ እሷ አንድም ቀን አልፋ አታውቅም፤ "የእኛ ሥራ እስከ መስኮቱ ነው" ባይ ናት። ሁለቱ በመስኮት የተዋወቁ ሰዎች ስለሆኑ እስከ ዛሬ አንቱ ነው የሚባባሉት። ጫማችን ላይ የሚጠለቅ ከረጢት ሰጠንና ገባን። ጠረጴዛው ላይ የጠዋቱ ሥራችን ግማሹ ተፈትቶ ተከምሯል።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለችው።

"ቀዳዳ እያየሁ። የተቀደደ ጨርቅ ለቀዶ ሕክምና አይሄድም።"

"የታጠፈውን ፈትተው?"

"እንግዲህ ሳይፈታ ቀዳዳው አይታይም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እንፋሎቱ እንዲያልፍበት ልል አድርጌ በራሴ መንገድ አጥፈዋለሁ።"

"መተኮሱስ?"

ጋሼ እንፋሎት ማሽኑን ተመለከተ፤ እሱ ይመልስልኝ ያለ ይመስል። "እንፋሎት ውስጥ ሲገባ ያው..." አለ።

"ይንገሩኝ።"

"ይጨማደዳል። ለዚህኛው ጨርቅ መተኮሱ ምንም አይጠቅመኝም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ ከመጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዴት ብዬ?" አለ ሰውየው፤ ልቡ ተነክቷል። "በየቀኑ ሲያቀብሉኝ እጅዎን ላዩ ላይ አሳርፈው 'አደራ፣ እንዳይጨማደድብኝ' ይሉኛል። እጅዎ ይባረክ ከማለት ሌላ ምን ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ።"

የሚፈረመውን ወረቀት ኪሷ ውስጥ መልሳ ከተተችና "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። በኮሪደሩ ላይ ስንመለስ ከፊቴ ቀድማ ትራመዳለች። የማውቀውን አልነገርኳትም፤ አሁን ብናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

ያን ቀን እስከ መውጫ ሰዓት አረንጓዴውን ተኮሰች። እልህ ነው። አንዱን ጨርሳ ሌላውን ታነሳለች፤ ጠርዝ ከጠርዝ ታጋጥማለች፤ በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚሉት መሆኑን እሷም አውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ እጇ ግን እምቢ አላት። ቀና ብላ ማንንም አላየችም።

በማግስቱ ስንገባ ቀድማን ደርሳለች። ከማድረቂያው የወጣ አረንጓዴ እንደ ወረደ ጋሪው ላይ ተቆልሏል።

"ከዛሬ ጀምሮ አረንጓዴውን ካውያ አይነካውም" አለች። "አይታጠፍም። ከማድረቂያ በቀጥታ ወደ መስኮት። ተራም የለውም፤ እሱ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ይቆማል።"

"እትዬ፣ ሰው ምን ይለናል?" አለች አንዷ አጣቢ።

"ሰው ቀዶ ሕክምናው በቀኑ ከተሠራለት ምንም አይለንም።" ይህን ብላ ጋሪውን ራሷ ወደ መስኮቱ ገፋችው።

ዳይሬክተሩ ጋም አብሬያት ገባሁ። የመረጠችውን ሲጠይቃት "ከሠላሳ አራቱ ውስጥ የለም፣ ዶክተር" አለችው። "ሠላሳ አምስተኛ ነው።"

"ምንድን ነው የምገዛልዎት?"

"የሚገዛ የለም። አንድ ስንሠራው የኖርነውን ነገር መተው ነው። ሠላሳ አራት ነገር ስንጨምር፣ ምን እንተው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።" ነገሩን ከሥሩ አስረዳችው፤ ማን አጠፋ የሚለውን ግን አላነሳችም። ፈተና ላይ ያለች የትምህርት ቤት ልጅ ይመስል እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ነበር የቆመችው።

ወሩ ተጀመረ። ጠዋት የገባው አረንጓዴ ገና ፀሐይ ሳትከር መስኮቱን ያልፍ ጀመር። እሱ በመጣ ቁጥር ሥራችንን ጥለን ስለምንነሳ ግን ለአንሶላው ሁልጊዜ ጊዜ አይተርፈንም፤ አንዳንድ ቀን ሳይተኮስ ይሄዳል። እንዲህ ባለው ቀን እትዬ ራሷ ጋሪውን ገፍታ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ትወስደዋለች፤ የሚመጣውን ወቀሳ ራሴ ልቀበል ብላ ነው። ወቀሳ አልመጣም። ነርሶቹ አልጠየቁም፣ በሽተኞቹም አልጠየቁም። አንድም ሰው ልብ አላለም። ይህ እንዳንገበገባት አውቃለሁ፤ ባዶ ጋሪውን ስትመልስ እርምጃዋ ይከብዳል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ውሃ እንደያዘ ጸጥ አለ። አሥራ አንድ ቀዶ ሕክምና የተያዘበት ቀን ነበር። አለቀልን ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። እትዬ ግን አላመነታችም፤ ትንሹን ማሽን ባዶ አስደርጋ "አረንጓዴ ብቻ" አለች። አንሶላውን በገንዳ፣ በእጃችን፣ እንደ ድሮው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከቀዶ ሕክምና ስልክ ተደወለ፤ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ ነው፣ ጨርቅ አለ ወይ? ገና ማድረቂያ ውስጥ ነበር። ይህኔ በሩ ተከፈተና ጋሼ እንፋሎት ራሱ ገባ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው መሆኑ ነው። "መስኮት ድረስ ማን ይመላለሳል" ብሎ ትኩሱን ጨርቅ ከማድረቂያው አፍ ተቀብሎ በክንዱ ታቅፎ ሄደ። ያ ቀዶ ሕክምና አርባ ደቂቃ ዘገየ እንጂ አልተሰረዘም። አሥራ አንዱም ተሠራ።

ወሩ ያለቀው ዓርብ ቀን ነው። ያን ቀን ማንም ምሳ ዕቃውን አልከፈተም። ዳይሬክተሩ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ፤ እርጥቡ ወለል ላይ ሊንሸራተት ሲል ሁለት አጣቢዎች ደግፈው አቆሙት። እጁ ላይ አንዲት ወረቀት አለች።

"በጨርቅ ምክንያት የተሰረዘ ቀዶ ሕክምና" ብሎ አነበበና ቀና አለ። "የለም። ክፍሉ ይቀጥላል። ዘጠኛችሁም በቦታችሁ ናችሁ።"

ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። ጋሪ የምትገፋዋ ዳይሬክተሩን ሳይቀር አቅፋ ሸሚዙን አረጠበችው። እኔ አለቀስኩ፤ ደግሞም ሳቅኩ። እትዬ ካውያ ያልተተኮሰ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አለች። በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። "እፎይ" አለች፤ የወር ሙሉ ትንፋሽ ነበር። ለልጇ ደውላ "አይዞሽ፣ አለሁ" ብቻ ብላ ዘጋችው።

ሌሎቹ ልብስ ሊቀይሩ ሲወጡ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደስታው ደረቴ ውስጥ ሞልቷል፤ ከሥሩ ግን ያችው ነገር ትጎረብጠኛለች። ካሁን በኋላ አንድ ቀን ባሳድራት የምታንቀኝ መሰለኝ።

"እትዬ፣ እኔ አውቅ ነበር" አልኳት። "ጋሼ እንፋሎት እንደሚፈታው። ሰባት ዓመት ሆነኝ።"

ዞራ አየችኝ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ጨርቅ በፊቷ ሲያልፍ ታየኝ። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ።

"ያኔ ብትነግሪኝ አልሰማሽም ነበር" አለች። "ምቀኛ ብዬሽ ከጠረጴዛዬ አባርርሽ ነበር።"

"እኔም ያንን ፈርቼ ነው።"

"ቢሆንም መናገር ነበረብሽ።"

"ነበረብኝ።"

 ከላያችን የጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ሲቀልለኝ ተሰማኝ፤ ሰባት ዓመት ተሸክሜው ክብደቱን እንኳ ረስቼው ነበር።

"ሌላስ?" አለችኝ።

"ምን ሌላ?"

"ሌላ የምታውቂው፣ በይሉኝታ ያፈንሽው። ዛሬ ደህና ቀን ነው፤ ካለ አሁን አውጪው።"

አንድ አለ። ከሰባት ዓመትም በላይ የቆየ ነው። 

"ሳሙና ታበዣለሽ" አልኳት። "ግማሹን ውሃ የምንጨርሰው አረፋውን ለማስለቀቅ ነው።"

ፊቷ ቀላ። ጋዋኗን አራገፈች፣ ተነሳች፣ ወደ ማጠቢያው ሄደችና የሳሙናውን መስፈሪያ ጣሳ አንስታ መጣች። ያ ጣሳ ከእሷ በቀር የማንም እጅ ነክቶት አያውቅም። ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"እስከ የት ልሙላው?" አለችኝ።